የጆሮ ትራስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬም ያ ጥቁር ፍርፋሪ። ምንጣፉ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የሙሲዩ ናዲም ሸሚዝ ኮሌታ ላይ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የበረሮ ኩስ መስሎኝ መድኃኒት ስነፋ ከረምኩ። ለካ ከማዳመጫቸው ነው! ያ ትልቁ ሄድፎን። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጥቁሩ ትራስ አርጅቶ እየተላጠ ነው። ጆሯቸው ውስጥ እንኳ ሁለት ሦስት ፍርፋሪ አየሁ። ትልቅ ሰው ጆሮዎን ይታጠቡ ይባላል?

ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ካናዳ ናት። ቤቱ ቤሩት ጀማይዜ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዓመት ሆነኝ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ላጸዳና ላበስል እሄዳለሁ። ጠዋት "ቦንዡር ረሂማ" ይላሉ፣ ማዳመጫውን ያጠልቃሉ፣ ኸላስ፣ በቃ። እስከ ምሳ ድምፅ የለም። ምግብ ሲደርስ ፊታቸው ቆሜ እጄን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አወዛውዛለሁ። "ሜርሲ።" የቀኑ ወሬያችን ይኸው ነው።

ቢሆንም ስሜን ይጠራሉ። ያስመጣችኝ ማዳሜ ቤት አራት ዓመት ስኖር "ያ ቢንት"፣ አንቺ ልጅ፣ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ የለም፣ ስሜ ግን አለ... ይህም አንድ ነገር ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የፈሪሃ ድምፅ መጣ። አልሐምዱሊላህ።

አገሬ ሐርቡ ትቻት ስመጣ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን ዘጠኝ። እህቴ ዙሀራ ናት የምታሳድጋት። በየዓርቡ ከጁምዓ በኋላ ድምፅ ቀድተው ይልኩልኛል። "አሰላሙ አለይኩም እማ። ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቴን በርትቻለሁ። በጣም ናፍቀሽኛል። እወድሻለሁ። አላህ በሰላም ያገናኘን።" ሃያ ሰከንድ አትሞላም። ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው በሷ ነው።

ክፍላችን ውስጥ ምን ይሰማል? ሰፈሩ ሺያህ ነው። ከታች ጄኔሬተር፣ ከላይ የጦር ድሮን፣ ከጎን የሰው ቴሌቪዥን። የስልኬም ድምፅ ማውጫ ተሰንጥቋል። ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ደጋግሜ ሰማሁ። አብራኝ የምትኖረው እሙሽ ሳቀችብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር እኮ እኔም በቃሌ ያዝኩት!" አለች። ትሳቅ። የሷ ልጆች ትልልቅ ናቸው፣ በቀን አሥር ጊዜ ይደውላሉ።

ለምን በቪዲዮ አታናግረኝም? "ኔትወርክ የለም" ትላለች ዙሀራ። ወይም "ታፍራለች"። ልጅ እናቷን ታፍራለች እንዴ? መንገድ ላይ ብንገናኝ ታውቀኝ ይሆን? ይቺን ጥያቄ ለማንም ተናግሬያት አላውቅም። እዚህ ጻፍኳት፣ በቃ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ጉድ ሠራሁ። እጄን ይቁረጠው!

ሙሲዩ ከጎረቤታቸው ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ማዳመጫውን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ትራሱ ላብ ላብ ይሸታል። ሳብ ሳደርገው ወለቅ አለ። ማዳሜ በአራት ዓመት ያስተማረችኝ አንድ ነገር ቢኖር ገላ የሚነካ ነገር ሁሉ በጃቬል መታጠቡን ነው። ፎጣ ጃቬል፣ የልጆቿ መጫወቻ ጃቬል፣ የስልኳ ሽፋን ሳይቀር ጃቬል። ይሄ የእነሱ በረኪና እጄ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ሳላስበው ነው የምቀዳው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጃቬል፣ ከዚያ በብሩሽ ፈተግ ፈተግ። በረንዳው ላይ ካልሲያቸው አጠገብ ሰቀልኩት። ደግሞ ደስ ብሎኝ! ሲመጡ ያመሰግኑኛል ብዬ።

ከምሳ በኋላ ሳወርደው ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጧል። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ቢጫ ሆኖ ተኮማትሯል። ያረቢ! ልገጥመው ብል የት ገጥሞ።

ገቡ። አዩት። "ሹ ሳር?" አሉ፣ ምን ሆነ? እኔ ምን ብል ጥሩ ነው... "አላውቅም ሙሲዩ፣ ብቻውን ተላጠ።" ብቻውን ተልጦ፣ ብቻውን ማስጫ ገመድ ላይ ወጣ?

አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ማዳመጫውን አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ወንበራቸው ላይ ባዶ ጆሯቸውን ተቀመጡ። ያለዚያ ነገር ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ትንሽ ሰው ናቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለእሙሽ ነገርኳት። "አፍሽን ዝጊ። ያንን ያህል ውድ ዕቃ አበላሽቼ ነበር ብትያቸው ነገ ሌላ ሠራተኛ ያመጣሉ" አለች። እውነቷን ነው። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሙሲዩ ምሳቸውን አልነኩም። ሳሎኑ ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። ልጃቸው ደወለች። ለዚያ ማዳመጫ የሚሆን ትራስ ቤሩት የለም፣ ለገና ሰው ሲመጣ እልካለሁ አለቻቸው። "ባሲታ፣ ባሲታ" አሏት፣ ግድ የለም ማለታቸው ነው። ስልኩን ዘግተው ደግሞ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት።

አልቻልኩም። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ፣ "ሙሲዩ፣ እኔ ነኝ። በጃቬል አጠብኩት። ዋሸሁ" አልኩ።

ሳቁ! "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ቅዳሜ ስገባ ቤቱ የመዋኛ ገንዳ የመዋኛ ገንዳ ይሸት ነበር። ደረጃው ላይ ሆኜ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"እስክትነግሪኝ ስጠብቅ። ያኒ፣ ወሬ የሚያመጣልኝ ሌላ ሰው አለኝ እንዴ?"

ከዚያ አወሩ... አንድ ዓመት ያልወጣው ወሬ በአንድ ጊዜ ወጣ። አሮጌው ትራስም ይጎዳቸው ነበር አሉ። ደርቆ የመነጽራቸውን ክንድ ጆሯቸው ላይ ይጫነዋል፣ ሲቆይ ጆሯቸው ይግላል። አሳዩኝ። ከጆሯቸው ኋላ ቆስሏል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ምግብ ሳቀርብላቸው አላየሁትም። "መስፋት ትችያለሽ?" አሉኝ። ፈሪሃን ከመውለዴ በፊት ሐርቡ ልብስ ሰፊ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። "እችላለሁ!" አልኩ። ይሄ አፌ መቼም አይማርም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የመጀመሪያው አልሆነም።

ከአሮጌ መጋረጃ ከፋይ ቆርጬ፣ ከአንገት ትራሳቸው ስፖንጅ ወስጄ፣ ሁለት ቀለበት ሰፋሁ። ወፈር አድርጌ፣ እንዲመቻቸው። አጠለቁት። "አህ... ደመና!" አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሙዚቃ ከፈቱና ፊታቸው ጭምድድ አለ።

"ምነው ሙሲዩ?"

"ዘፋኟ ኩሽና ገባችብኝ።"

እኔ ትራስ ትራስ ነው ብዬ ነበር። አይደለም አሉ። ከፋይ ይተነፍሳል፣ ወፍራሙ ድምፅ በሱ በኩል ሾልኮ ይጠፋል፣ ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ቆዳ ግን ይይዘዋል። ደግሞ በጣም ከወፈረ ጆሮና ድምፅ ይራራቃሉ፣ ዘፋኟም ትርቃለች። ከሳሳ ጆሮ ውስጡን ይነካል። ከጆሮ ኋላ ወፈር፣ ከፊት ሳሳ ማለት አለበት፣ የመነጽሩ ክንድ የሚያልፍበት ደግሞ ለስለስ። እየነገሩኝ እጃቸው ይሠራል፣ ዓይናቸው ይበራል። ሰውዬው ለካ ወሬኛ ናቸው!

ከቁም ሳጥን አንድ ካርቶን አወጡ። የሚስታቸው ጓንት። ጥቁር የበግ ቆዳ፣ እስከ ክርን የሚደርስ፣ እንደ ሕፃን ቆዳ የሚለሰልስ። "ቁረጪው" አሉ።

"ሙሲዩ፣ ይሄማ የማዳም መታሰቢያ..."

"አሥር ዓመት ካርቶን ውስጥ ተኛ። ያላ፣ ቁረጪ።"

መቀሱን ሳሳርፍበት እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ሰፋሁ፣ ፈታሁ። ጣቴን አራት ቦታ ተወጋሁ። እሙሽ "ለድመት ኮፍያ ነው?" ትለኛለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ትራሶቹን ገጠምኳቸው። ሙሲዩ አጠለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ቆሜያለሁ፣ እጄን መሐረቤ ላይ እጠርጋለሁ። ሙዚቃው አለቀ። ሌላ ጀመሩ። እሱም አለቀ። ሲገልጡ ዓይናቸው ርሷል። "ረሂማ፣ ከዘፋኟ ኋላ አንድ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያስነጥስ ይሰማኛል። ዘፈኑን ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ያንን ሰውዬ ግን ዛሬ ነው ያገኘሁት!" እጄን ይዘው ጨበጡኝ፣ እንደ ወንድ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

"አንቺም ስሚ፣ የእጅሽን ሥራ" አሉ። እኔ የእሳቸውን ሙዚቃ የት አውቄው። "አይ፣ ማዳመጫ የሚፈተነው በቃልሽ በምታውቂው ድምፅ ነው። ሁሌም እንደዚያ ነው። ምን አለሽ በቃልሽ የምታውቂው?"

ምን አለኝ? አንድ ነገር ብቻ ነዋ።

ስልኬን ሰኩልኝ። አጠለቅኩት። መጀመሪያ ድሮኑ ጠፋ፣ ከመንገዱም መኪናው ጠፋ። ጆሮዬ ላይ የማዳም ጓንት ሞቀኝ። ከዚያ ፈሪሃ። ያረቢ፣ እንዴት ቀረበች! አፏ ሲከፈት ይሰማል። ምራቋን ስትውጥ ይሰማል። ዘልዬ ልስማት ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ሰማሁ። ከኋላዋ። ሹክሹክታ። ዙሀራ ናት።

"'ደህና ነሽ ወይ' በያት።" ፈሪሃ፦ ደህና ነሽ ወይ? "'ትምህርቴን በርትቻለሁ።'" ፈሪሃ፦ ትምህርቴን በርትቻለሁ። "'ናፍቀሽኛል' በይ... ጮክ በይ እንጂ።" ፈሪሃ፦ በጣም ናፍቀሽኛል። "'እወድሻለሁ።'" ፈሪሃ፦ እወድሻለሁ።

መጨረሻ ላይ፣ አላህ በሰላም ያገናኘን ካለች በኋላ፣ ቀስ ብላ፦ "አለቀ? ልሂድ አሁን?"

ሙሲዩ "እንዴት ነው?" አሉኝ። "ጥሩ ነው" አልኩ። ኩሽና ገብቼ የታጠበውን ሳህን ሁሉ እንደገና አጠብኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

የድሮዎቹንም ሁሉ ልሰማቸው? ወይስ ይቅርብኝ? ሰባት ዓመት... አንድም የራሷ ቃል አልነበረበት ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

የፈሪሃ ድምፅ መጣ። አልከፈትኩትም። እሙሽ "ዛሬ ጁምዓ አይደል እንዴ፣ የት አለ ያ የልጅሽ ድምፅ፣ ዱዓሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። መሳቅ ተወች። ያላትን ብርቱካን ልጣ፣ ግማሹን ሰጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ሙሲዩ ማዳመጫቸውን አውልቀው ጠበቁኝ። በራሳቸው እጅ ሻይ አፍልተዋል፣ መራራ አድርገው። "ማክሰኞ አላመመሽም" አሉ። "ከዚያ ድምፅ ኋላ ምን ሰማሽ?"

ነገርኳቸው። እያለቀስኩ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዐረብኛ። እንዴት እንደገባቸው እንጃ። "እህትሽን አትቆጪያት። የሷ ሥራ የእኔ ሥራ ነው። አርባ ዓመት ሰዎች ሲንተባተቡ ቆርጬ እየጣልኩ፣ የሚያምረውን ብቻ ለሰው አሰማሁ" አሉ። ከዚያ፣ "አሁን የማስታውሰው ግን የጣልኩትን ነው።"

የኔ ልጅ የት ነው የተጣለችው ታዲያ?

እሑድ፣ ኅዳር 28

ለዙሀራ ደወልኩላት። ተቆጥቼ ነበር የጀመርኩት። መካድ አልቻለችም፣ አለቀሰች።

"እቴ፣ ምን ላድርግ? ስልኩን ሳነሳ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። 'የማላውቀውን ሰው ምን ልበለው?' ትለኛለች። አንቺ እዚያ ብቻሽን ነሽ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ወላሂ ለክፋት አይደለም።"

የማላውቀውን ሰው። ይኸው፣ ታውቀኝ ይሆን ያልኩት ጥያቄዬ ተመለሰ።

ስልኩን ልዘጋው ነበር። ግን ከዘጋሁት በኋላስ? "ሁለተኛ እንዳታስጠኚያት" አልኳት።

"ታዲያ ምን ልላክልሽ?"

"የቤት ሥራዋን ስትሠራ ስልኩን አጠገቧ አስቀምጪው። ድምፅሽ እየተቀዳ ነው በያት፣ ደብቀሽ እንዳታደርጊው። መናገር የለብሽም ብላለች በያት።"

"ዝምታ ነው የምልክልሽ? እቴ፣ ደህና ነሽ?"

"እሱን ላኪልኝ።"

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ድምፁ ትናንት መጥቶ ነበር። በተሰነጠቀ ስልክ አልሰማውም ብዬ አሳደርኩት። ዛሬ ሥራዬን ስጨርስ ሙሲዩ ሳልጠይቃቸው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ።

ስድስት ደቂቃ። እርሳስ ወረቀት ላይ ይሄዳል፣ ይቆማል። ላጲስ። ከውጭ ዶሮ። ወንበሩ ቋ... ቋ... ይላል፣ እግሯን እያወዛወዘች ነው። እኔም ቁጭ ስል እንደዚያ ነኝ፣ እናቴ በስንት ልምጭ ያስተወችኝን! አፍንጫዋን ትስባለች። ጉንፋን ይዟታል፣ ማንም አልነገረኝም። ለራሷ ታጉረመርማለች፦ "ስምንት ጊዜ ሰባት... ሃምሳ አራት። አይ። ሃምሳ... ኤጭ!"

ኤጭ አለች! ልጄ ኤጭ ትላለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ኤጭ እንደምትል አላወቅሁም።

ስቄም አልቅሼም ሲወጣልኝ ድምፅ ቀዳሁላት። አጭር። "ሃምሳ ስድስት ነው። እኔንም እሱ ነበር የሚያስቸግረኝ። ለጉንፋንሽ ትኩስ ነገር ጠጪ።" ሌላ አልጨመርኩም። ናፍቀሽኛል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። እሷ ያልጠየቀችው ነገር ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ዝናብ። መልስ የለም። ምን ጠብቄ ነው?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ጁምዓ አለቀ፣ ምንም የለም። ዙሀራን ጠየቅኳት፣ "አልፈልግም አለች" አለችኝ። እሺ አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት፣ ሁለት ደቂቃ ከአርባ። ማታ ዙሀራን ብጠይቃት "እኔ አልላክሁም፣ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፣ ስልኩን ቤት ረስቼው ሄጄ ነበር" አለች።

እሙሽ "ክፈቺው!" እያለች ትወዘውዘኛለች። ነገ እሰማዋለሁ። ፈራሁ፣ እውነቱን ልጻፍ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ከካናዳ የመጣው ትራስ ደርሷል፣ አንድ ዘመዳቸው ይዞት መጣ። ሙሲዩ ካርቶኑን አልከፈቱትም። "ለበረሮዎቹ ይሁን" አሉ። ፊቴን አይተው ቀልዱን ተዉት። ማዳመጫውን ሰጥተውኝ መኝታ ቤታቸው ገቡ፣ በሩንም ዘጉልኝ።

አጠለቅኩት። ቤሩት ጠፋች።

በር ሲዘጋ። እርምጃ። ትንፋሽ፣ ፈጠን ፈጠን ያለ። ከዚያ፦

"ዙሀራ ወጥታለች። እኔ ነኝ። ... ስምንት ጊዜ ሰባትን አሁን ችዬዋለሁ። ጉንፋኑም ለቆኛል። ... ይሰማል? ... አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምንድን ነው ትተሽኝ የሄድሽው? ዙሀራ እንደዚህ አይባልም ትለኛለች። የጓደኛዬ የሐናን እናት ዐረብ አገር ሄዳ መጥታለች። አንቺ ግን በየዓመቱ 'ለሚቀጥለው ዒድ እመጣለሁ' ትያለሽ። እኔ ሁልጊዜ አዲስ ጫማዬን ስትመጪ ላደርገው አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ሲጠበኝ ለሰው ይሰጡታል። ... ውሸታም ነሽ። ... በቃ። ቻው።"

መታኝ። ጫማ... ስንት ጫማ ይሆን?

እንደገና ሰማሁት። አሁን እሷን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን። ትራሱን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ያንን ሹክሹክታ ፈለግሁት። ከእያንዳንዱ ቃል በፊት፣ ከ"ውሸታም"ም በፊት። ዶሮ አለ። ንፋስ አለ፣ ቆርቆሮውን የሚያንኳኳ። ሰው የለም። በይ ያላት ማንም የለም። ልጄ ናት፣ ከራሷ ሆድ ያወጣችው ነው፣ ለእኔ።

ሦስተኛ ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና መቅጃውን ተጫንኩ።

"ፈሪሃ፣ ልክ ነሽ። ዋሽቻለሁ" አልኳት። "መቼ እንደምመጣ አላውቅም። ለምን እንደሄድኩ ግን ልንገርሽ፣ ረጅም ነው።"

አሥራ አንድ ደቂቃ አወራሁ። ተንተባተብኩ፣ መሃል ላይ አለቀስኩ፣ አንዴም ኤጭ አልኩ። ምንም ሳልቆርጥ ላክሁላት።